ዳስ ስንጥል ባዶውን ቦታ አስቀድሞ ስለ መለካት

«ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ያልሰማ በመካከላችን አይገኝም። ተረቱ የሚነቅፈው ድግሱ ከደረሰ በኋላ ለወጡ የሚራወጠውን ቤት ነው። እኔ ግን በዛሬው ጽሑፌ የማነሣው ስለ በርበሬው አይደለም። በርበሬው በጊዜ ተቀንጥሶ፣ ጠላው ጠርቶ፣ ከብቱ ታርዶ ሳለ ድግሱን ቀዝቃዛ ስለሚያደርገው ስለ ሌላ ነገር፣ ይኸውም ስለ ዳስ አሠራርና ስለ መቀመጫ አደላደል ጥቂት ለማስረዳት አስቤአለሁ።

የተወደዳችሁ መምህራን፣ ወላጆችና ጓደኞቼ! ጉዳዩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ ዳስ ሲጣል አይቷል፤ ባላ ተሸክሟል፤ ቄጠማ ጎዝጉዟል። በጥር ወር ከጥምቀት በኋላ፣ ደግሞም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንቶች፣ ሠርግ በየመንደሩ ስለሚበዛ ባንድ ቀን ሁለትና ሦስት ዳስ ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን ዘወትር የሚታይ ነገር ሁሉ ታስቦበታል ማለት አይደለም። እኔም ይህን የተማርሁት በገዛ ስሕተቴ ስለ ሆነ አስቀድሜ ስሕተቴን እናገራለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ታላቅ እኅቴ ስትዳር አባቴ የዳሱን ነገር ለእኔ ሰጠኝ። የሒሳብ ውጤቴ ጥሩ ስለ ነበረ «የተማረ ልጅ እያለን ለምን እንቸገራለን» በማለት ነው። በታች ጋይንት በምትገኘው መንደራችን ዳስ በመጣል የታወቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። እርሳቸውም ባላው ሲተከል ቆመው አይተው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ባዶውን ለካ» አሉኝ። ባዶ ነገር እንዴት እንደሚለካ ስላልገባኝ በልቤ ሣቅሁ።

ዳሱ ርዝመቱ 24 ክንድ፣ ወርዱ 16 ክንድ ነበር። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ስለ ሆነ 12 ሜትር በ8 ሜትር መሆኑ ነው። እኔም በደብተሬ ላይ አራት ማዕዘን ሥዬ፣ ከራስጌው ለሙሽሮችና ለሚዜዎች 4 ክንድ ከተውሁ በኋላ፣ የቀረውን 20 ክንድ ልክ እንደ መማሪያ ክፍላችን በረድፍ ሞላሁት። በየሁለት ክንዱ አንድ አግዳሚ፣ በጠቅላላው 10 ረድፍ፤ በመካከል ባለ 2 ክንድ መተላለፊያ፤ በግራና በቀኝ ሰባት ሰባት ሰው። 10 በ14 ሲባዛ 140 ይሆናል። «ባንድ ጊዜ 140 ሰው!» ብዬ ወረቀቱን ለአባቴ ሳሳየው በጣም ደስ አለው።

እንግዳው ገብቶ በተቀመጠ ጊዜ ግን በሒሳቤ ውስጥ ያልነበረ ነገር ሁሉ መጣ። አሳላፊዎቹ ከመካከለኛው መንገድ በቀር መግቢያ ስላልነበራቸው በግድግዳው በኩል ለተቀመጡት እንጀራው በሰው ራስ ላይ እየተሻገረ ይቀበላል፤ ወጡም በነጭ ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል። ሁሉ ፊቱን ወደ ሙሽሮቹ፣ ጀርባውን ወደ ባልንጀራው ስላዞረ ጨዋታ የሚባል ነገር ጠፋ። አዝማሪው መቆሚያ አጥቶ በበሩ አጠገብ ተለጠፈ። ፉከራ የጀመረው ጎልማሳ ሁለት እርምጃ ሄዶ ከአግዳሚ ጋር ስለ ተጋጨ ዱላውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ወጣቱም ተከትሎት ሄደ። ከቀኑ በስምንት ሰዓት ዳሱ ውስጥ የቀሩት ሽማግሌዎችና ሕፃናት ብቻ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የማላየው ነበር። እኅቴ ስትወለድ እናቴን ያዋለዱ አንዲት አሮጊት አሉን። ለሠርጉ ጋናቸውን አውሰውናል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ጌሾ ሲወቅጡ ሰንብተዋል። በዚያ ቀን የተቀመጡት በመጨረሻው ረድፍ፣ በግራው ማዕዘን፣ ከምሰሶው ጀርባ ኖሯል። አሳላፊ አላያቸውም፤ እርሳቸውም ሙሽራዪቱን አላዩም። ዝም ብለው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ እናቴ ጋኑን ስትመልስ ነገሩን ከጎረቤት ሰማች። ወዲያውኑ አባቴ፣ እናቴና እኔ መሶብ አስይዘን ለይቅርታ ሄድን። አሮጊቷም፣ «ልጄ፣ ስለ እንጀራው አይደለም፤ እንጀራ በቤቴ አለ። በእጄ የተቀበልኋት ልጅ ስትዳር ፊቷን ሳላይ መመለሴ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የዚያ አራት ማዕዘን ሥዕል ያለበትን ገጽ ባየሁ ቁጥር ያ ማዕዘን ይታየኛል። የዳስ አሠራር ማን እንደሚታይና ማን እንደሚረሳ አስቀድሞ የሚወስን ነገር መሆኑን አውቄአለሁ። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ጎረቤታችን ልጁን ሲድር እኚያን ሽማግሌ ለምኜ ረዳታቸው ሆንሁ። ቀጥሎ የምገልጸው ከእርሳቸው አፍ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትንና በንባብ ያገኘሁትን አስተባብሬ ነው።

1ኛ፤ ስለ ቦታው።

ዳስ ከመጣሉ በፊት ነፋሱንና ቁልቁለቱን ማወቅ ይገባል። የሀገራችን አየር በየወረዳው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ለሁሉም የሚሆን አንድ ደንብ የለም። ላይ ጋይንት ደጋ ነው። ዋና ከተማው ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሲሆን ጠባዩን ስሙ ራሱ ይናገራል። የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ብርዱን ወደ አካባቢው ይልካል። በእንደዚህ ያለ ቦታ የዳሱ በር ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ በነፋሱ በኩል ያለው ግድግዳም በቅጠል ጥቅጥቅ ተደርጎ መደፈን ይገባዋል። በስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ጠላቱ ሙቀት ስለ ሆነ ጣራው ይለመልማል፣ ግድግዳው ይከፈታል፣ ነፋስም በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ይደረጋል። በእስቴ ደጋውም ወይና ደጋውም ስላለ ባለቤቱ ቦታውን አይቶ መፍረድ አለበት።

የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አውድማ የጣለ ገበሬ ሁሉ ገለባው ወደ የት እንደሚበር ያውቃል። የጥር ሠርግም የሚውለው ከመውቃት በኋላ ስለ ሆነ ዕውቀቱ ገና ትኩስ ነው። ያላወቀ ሰው አንድ ጭብጥ ጭድ ወደ ላይ እየበተነ ሁለት ቀን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቢመለከት ይበቃዋል። ወጥ የሚሠራበት እሳት ነፋሱ ከዳሱ ጢሱን በሚያርቅበት ወገን ይሁን። ቁልቁለት ያለበት ቦታ እንደ ሆነ ራስጌው ወደ ላይኛው ወገን ይደረግና በስተላዩ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል፤ ድንገተኛ ዝናም ቢመጣ ውሃው ዙሮ ያልፋል። በተለይ ከፋሲካ በኋላ ለሚደረግ ሠርግ ይህ ቦይ አይረሳም።

2ኛ፤ ስለ ባዶው ቦታ።

ሽማግሌው «ባዶውን ለካ» ያሉኝ ምስጢር ይህ ነው። ሰው ሲቀመጥ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ አንድ ክንድ ይበቃዋል። ብዙ ቦታ የሚፈልገው ግን እንቅስቃሴው ነው። አሳላፊ ማሰሮ ይዞ ያልፋል፤ ጥሎሽ የሚያቀርበው ወገን ይገባል፤ እስክስታ የሚመታው ይነሣል፤ ፎካሪው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ለእነዚህ አስቀድሞ ቦታ ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ለመቀመጫ ይደለደላል። እኔ ግን አስቀድሜ መቀመጫውን ሞልቼ ለእንቅስቃሴው የተረፈውን ሰጠሁት። የተረፈ ግን አልነበረም።

ያንኑ የ24 በ16 ክንድ ዳስ እንውሰድና እንደገና እናስላው። በመካከሉ 6 ክንድ ወርድ ያለው ባዶ ሜዳ ከበሩ እስከ ራስጌው ይተዋል። በግራና በቀኝ ለእያንዳንዱ ወገን 5 ክንድ ይቀራል። ከዚህ ውስጥ አንዱ ክንድ በግድግዳው በኩል ለሚሠራው መደብ፣ ሦስቱ ለጉልበትና ለገበታ፣ የመጨረሻው አንድ ክንድ ለሁለተኛው አግዳሚ ይሆናል። መደቡ ከአግዳሚው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ቢል በኋላ የተቀመጠው በፊተኛው ትከሻ ላይ ያያል። መደቡ በእያንዳንዱ ወገን 22 ሰው፣ አግዳሚው 20 ሰው ቢይዝ በጠቅላላው 84 ሰው ነው። የራስጌው ቦታ ለሙሽሮች፣ ለሚዜዎችና ለቅርብ ዘመድ ይቀራል።

እነሆ፣ 140 የነበረው ወደ 84 ወረደ። ነገር ግን የመጀመሪያው ዳስ 140 ሰው አስቀመጠ እንጂ አላስተናገደም። የሁለተኛው ዳስ 84 ሰው ሁሉ የአሳላፊው እጅ ይደርሰዋል፤ ሁሉም መካከሉን ያያል። የቀረው ሰው በተራ ይገባል። 250 ሰው ቢጠራ ሦስት ተራ ማለት ነው።

3ኛ፤ ስለ ተራ።

በተራ መብላት ለክብራችን የሚያንስ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ በነገሥታቱም ቤት የተሠራበት ነው። በጎንደር በፋሲል ግቢ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1721 እስከ 1730 የነገሡት የዐፄ በካፋ ሕንፃ ለታላቅ ግብር የሚሆን ረጅም አዳራሽ አለው። ግቢውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአዲስ አበባም ዐፄ ምኒልክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ያሠሩት የግብር አዳራሽ በሺሕ የሚቆጠር ሰው የሚያስተናግድ ነበር። አዳራሹ ዛሬ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተው ከአንድነት ፓርክ ጋር ይጐበኛል። በዚያ ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው በመጋረጃ ውስጥ ከመኳንንቱና ከካህናቱ ጋር ይመገባሉ፤ ከዚያም መጋረጃው ተገልጦ፣ በሩም ተከፍቶ፣ ሠራዊቱ በየማዕረጉ በተራ ይገባል። ያን ያህል ሕዝብ ያለ ተራ ማብላት አይቻልም ነበርና።

ከዚህ የምንወስደው ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ማረፊያ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ከዳሱ ውጭ ጥላ ያለው ቦታና ጥቂት አግዳሚ ይዘጋጅ፤ ጠላም ይዙር። እንግዳ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ተራ ሳይሆን ንቀት ይመስለዋል። ሁለተኛው፣ በበሩ ላይ አጋፋሪ ያስፈልጋል። አጋፋሪው ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ቀረ የሚያውቅ፣ ሰው የሚያከብር ትልቅ ሰው ይሁን። ለዚህ ሥራ ልጅ ማቆም ስሕተት ነው፤ ልጅ የሩቁን ዘመድ አያውቅምና።

4ኛ፤ ስለ በሮችና ስለ መንገድ።

ዳስ ሁለት በር ይፈልጋል። አንዱ የእንግዳ፣ ሌላው የጓዳ። እንግዳው በሚገባበት በር ወጥ ከገባ ግጭት ይሆናል። በመንደራችን ዳሱ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ተያይዞ ስለሚጣል ቤቱ ራሱ ጓዳ ይሆናል። የጓዳው በር በዳሱ ርዝመት መካከለኛ ላይ ቢሆን አሳላፊው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ይሄዳል። በአንዱ ጫፍ ከሆነ ግን በዚያኛው ጫፍ የተቀመጠው ሁልጊዜ መጨረሻ ይሆናል። የጠላው ጋንም ፀሐይ በማያገኘው፣ ሰው በማይጋፋው፣ ለጓዳው በር በቀረበ ቦታ ይቀመጥ።

የእንግዳው በር ሰፊ ይሁን፤ ከውጭውም ቢያንስ 10 ክንድ ባዶ ሜዳ ይተውለት። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሲደርሱ የሙሽራዪቱ ወገን በሩን ዘግቶ በዘፈን የሚከራከርበት ልማድ በዚህ ቦታ ነው የሚፈጸመው። የሠርጉ የመጀመሪያ ሣቅ ከዚህ ይነሣል። በሩ ከአጥር ጋር ከተጣበቀ ሙሽራው ቆሞ ይገፋል እንጂ ጨዋታው አይደምቅም።

5ኛ፤ ስለ ምሰሶና ስለ ማዕዘን።

ይህ ነጥብ የእኔ ቍስል ነው። ምሰሶ የግድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በባዶው ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ ከአግዳሚዎቹ ጫፍ ጋር በአንድ መሥመር ቢተከል ጥቂት ሰው ብቻ ይጋርዳል። ከዚያ በኋላ ዳሱን የሚሠራው ሰው በእያንዳንዱ ማዕዘን ቁጭ ብሎ ራሱ ይመልከት። ሽማግሌው ይህን አድርገው አሳዩኝ። በአራቱም ማዕዘን በየተራ ተቀመጡና፣ «የሙሽራው ወንበር ይታያል? የጓዳው በር ይታያል?» እያሉ ራሳቸውን ጠየቁ። ሁለቱም የማይታዩበት ቦታ ሲያገኙ እዚያ መቀመጫ አላደረጉም። የእንግዶች በትርና ካፖርት ማኖሪያ አደረጉት።

ስለ አቀማመጥ ቅደም ተከተል ደግሞ ካህናትና ሽማግሌዎች በራስጌው አጠገብ መቀመጣቸው ያማረ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ደካማ አሮጊቶችና ነፍሰ ጡሮች በጓዳውና በበሩ መካከል፣ ለመውጣትም ለመግባትም በሚመች ቦታ ይቀመጡ። ሕፃናት በሜዳው ዳር በቄጠማው ላይ ቢቀመጡ ማንንም ሳይጋርዱ ሁሉን ያያሉ። ለድግሱ የደከሙ ሰዎች፣ ይኸውም ጌሾ የወቀጡ፣ እንጨት የፈለጡ፣ ውሃ የቀዱ፣ ስማቸው አስቀድሞ ተጽፎ ቦታ ይያዝላቸው። እነርሱ ሥራ ላይ ስለሚውሉ መጨረሻ ይገባሉ፤ መጨረሻ የገባም ክፉውን ቦታ ያገኛል። ስለዚህ ጥሩ ዳስ ከመጨረሻው እንግዳ ጀምሮ ይታሰባል።

6ኛ፤ ዳስ ሁለት ጊዜ ይደለደላል።

ምግብና ጨዋታ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ሲበላ ሰው ገበታውን ከብቦ ፊት ለፊት ቢቀመጥ ደስ ይለዋል፤ ጕርሻም የሚመቸው በዚህ ነው። ሲዘፈን ግን ሁሉም ፊቱን ወደ መካከል ማዞር አለበት። ሁለቱን ባንድ አደላደል ማግኘት አይቻልም። መፍትሔው ሁለተኛውን አግዳሚ በምስማር አለመምታት ነው። በምግብ ጊዜ አግዳሚው ወደ መደቡ ዞሮ ገበታው በመካከል ይሆናል። ገበታው ሲነሣ ሰዎቹ ለጥቂት ጊዜ ይነሡና አግዳሚው አንድ ክንድ ወደ መደቡ ተጠግቶ ፊቱ ወደ ሜዳው ይዞራል። በዚህ ጊዜ 6ቱ ክንድ ሜዳ ሳይነካ ይቀራል። በፋሲካው ሠርግ ይህን ለመፈጸም ስድስት ጎረምሶች ከሩብ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ፈጀባቸው። ሰው ተነሥቶ እንደገና መቀመጡ ራሱ ድግሱን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰዋል።

አዝማሪው በዚህ ሜዳ ውስጥ ይዘዋወር እንጂ ባንድ ቦታ አይተከል። መሲንቆ አንድ ክር ያለው፣ ድምፁም ለስላሳ የሆነ መሣሪያ ነው። የቅጠል ጣራና ግድግዳ፣ የተጎዘጎዘውም ቄጠማ ድምፅን ይውጣሉ፤ ስለዚህ በጫፍ የቆመ አዝማሪ በሌላው ጫፍ አይሰማም። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ግን ድምፁ እየተመለሰ ይጋጫል። ዛሬ በከተሞቻችን ድምፅ ማጉያ ሲተከል ደግሞ ብዙ ጊዜ በሽማግሌዎች ጆሮ ላይ ነው። ማጉያው ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሜዳው ዞሮ፣ ከሽማግሌዎቹ ርቆ ቢቀመጥ ወጣቱ ይዘፍናል፣ ሽማግሌውም ይጫወታል።

7ኛ፤ ጠበብ ያለ ዳስ ይሞቃል።

ብዙ ሰው ዳሱ በሰፋ ቍጥር ሠርጉ ያምራል ብሎ ያስባል። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን አንድ እንግዳ ታሪክ አገኘሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 የለንደን ምክር ቤት አዳራሽ በጀርመን ቦምብ ፈረሰ። በ1943 እንደገና ስለ መሥራት ሲመከር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል፣ አዳራሹ እንደ ድሮው ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ሞላላ ይሁን፤ ደግሞም አባላቱን ሁሉ የማያስቀምጥ ጠባብ ይሁን ብለው ተከራከሩ። ምክንያታቸውም ሰፊ አዳራሽ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ባዶ ስለሚሆን ንግግር ይቀዘቅዛል፤ ጠባብ ከሆነ ግን በታላቅ ጉዳይ ቀን ሰው ሲጨናነቅ የነገሩ ክብደት ይሰማል የሚል ነበር። አዳራሹ በዚሁ አሳብ ተሠርቶ በ1950 ተከፈተ። እስከ ዛሬም ከአባላቱ ቍጥር ያነሰ መቀመጫ አለው።

በዚህ መሠረት የእኛ የዳስ ሽማግሌዎችና የለንደኑ ሹም ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል ማለት ነው። ሁለት ወገን ፊት ለፊት፣ በመካከል ባዶ ሜዳ፣ ስፋቱም መጠነኛ። ከዚህም በላይ መጠነኛ ዳስ ወጪን ይቀንሳል። ለአንድ ቀን ስም ሲባል ትልቅ ዳስ ጥሎ፣ ዳሱን ለመሙላት ብዙ ሰው ጠርቶ፣ ሰውን ለማብላት በሬውን ሸጦ ክረምቱን በብድር የሚያሳልፍ ቤት ስንቱ ነው? አስቀድሞ እንግዳው ይቈጠር፤ ዳሱም በእንግዳው ልክ ይጣል።

8ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ።

ቅጠል ሲደርቅ እንደ ጭድ ይነዳል። ስለዚህ እሳትና ኩራዝ ከዳሱ ግድግዳ ይራቅ፤ በጓዳው በር አጠገብ የተሞላ የውሃ ማሰሮና አሸዋ ይቀመጥ። የመብራት ገመድ የሚዘረጋ ከሆነ በቄጠማው ሥር አይሂድ፤ እርጥበት ይነካዋል፣ ሰውም ይረግጠዋል። በሠርግ ቀን በደስታ ጥይት መተኰስ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ጉዳይ ስለ ሆነ መሣሪያ የያዘ እንግዳ በበሩ ለታመነ ሰው አስረክቦ ቢገባ ዱላው ለፉከራ ይበቃዋል። ባላው በጥልቅ መተከሉንም አንድ ሰው እየነቀነቀ ይፈትን።

ከዚህ በላይ የተናገርሁት ለሠርግ ብቻ የሚሆን አይደለም። በተማሪ ቤታችን የወላጆች ቀን ሲከበር ወንበሩን እንዴት እንደምናሰልፍ እናስታውስ። ሁሉን ፊቱን ወደ መድረክ አዙረን በረድፍ እንሞላዋለን። ከዚያም ወላጆቻችን ለምን እርስ በርሳቸው እንዳልተጫወቱ፣ ከሩቅ ገጠር በእግራቸው የመጡትም ለምን በኋለኛው በር አጠገብ ቆመው እንደ ዋሉ እንደነቃለን። በሚመጣው ዓመት ወንበሩን በሁለት ወገን ፊት ለፊት አድርገን፣ መካከሉን ለትያትሩና ለመዝሙሩ ትተን፣ ከሩቅ ለሚመጡት በፊተኛው ረድፍ ቦታ ብንይዝ መልካም ነው ብዬ አሳቤን አቀርባለሁ። መጠጥና ቆሎ የሚታደልበት ጠረጴዛም ከግድግዳ ተለይቶ በሁለት ወገን እንዲታደልበት ቢደረግ ሰልፉ በግማሽ ያጥራል።

ወደ ፋሲካው ሠርግ ልመለስና ጽሑፌን ልፈጽም። በዚያ ቀን አሮጊቷ ተጠርተው ነበር። እኔ ከአጋፋሪው ጋር በበሩ ቆሜ ስለ ነበረ በእጃቸው ይዤ በጓዳው በር አጠገብ ባለው መደብ ላይ አስቀመጥኋቸው። ያ ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ የለካሁት ነበር። ጥቂት ቆይተው ወዲያና ወዲህ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ዛሬስ ከዚህ ሆኜ ሁሉን አያለሁ» አሉኝ። እኅቴም እንግዳ ሆና መጥታ ስለ ነበረ፣ አግዳሚው ዞሮ ዘፈኑ ሲጀመር፣ በሜዳው አልፋ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። እርሳቸውም ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከእናንተ መካከል በሚመጣው ጥር የዳስ ሥራ የሚታዘዝ አይጠፋም። በደብተራችሁ ላይ አራት ማዕዘኑን ከሣላችሁ በኋላ ወንበር ለመሣል አትቸኩሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና። አስቀድማችሁ ባዶውን ለኩ፤ ቀጥሎም በአራቱ ማዕዘን እየተቀመጣችሁ እዩ።